የማን ማንያታ?

(የመግቢያ ዜማ፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

ቡና ያቀረባችሁ ወደ ሬዲዮናችሁ ጠጋ በሉ፤ መንገድ ላይ ያላችሁም ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የዛሬው ዝግጅት ስለ አንድ ቃል ነው። ስለ አንድ ቃል ብቻ።

ቃሉ «ማንያታ» ይባላል።

(አጭር ፋታ)

ሰምታችሁት የማታውቁ እስቲ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ ማንያታ። ለአማርኛ ጆሮ መነሻው «ማን?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። አጋጣሚ ነው፤ ቃሉ አማርኛ አይደለም። ጥያቄው ግን ለዚህ ቃል ልክ ነው። ማን ሲለው? የማን ማንያታ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ደጋግመን እናነሣዋለን።

(የከባድ መኪና ድምፅ ቀርቦ ይርቃል)

ጉዞው ከሞያሌ ይጀምር። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቀመጠች፣ ግማሽዋ ወዲህ ግማሽዋ ወዲያ የሆነች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ያላት ርቀት እኩል ለማለት ይቻላል፤ በሁለቱም በኩል 770 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዲላን፣ ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎንና ሜጋን አልፎ እዚያ የደረሰ የጭነት መኪና ሾፌር ብዙ ነገር ይለወጥበታል። አገሩ ውስጥ ቀኙን ይዞ ሲነዳ ቆይቶ፣ ኬላውን ሲሻገር ግራውን ይይዛል። ብሩ ሽልንግ ይሆናል። «እንደምን አደርክ» ያለው አፍ «ሃባሪ» ማለት ይጀምራል።

እንበልና ይህ ሾፌር ከኬንያ በኩል ስልክ ይደወልለታል። «ዕቃውን ማንያታ አምጣልኝ» ይለዋል ደንበኛው። ሾፌሩ ቃሉን ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን ከፎቶግራፍና ከቴሌቪዥን ነው። ቀይ ሸማ የተጎናጸፉ የማሳይ ወጣቶች፣ በእበት የተለሰኑ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጎጆዎች፣ ዙሪያው እሾህ። እሱን በዓይኑ እየፈለገ ይሄዳል። የሚደርስበት ግን የከተማ ሰፈር ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ ሱቅ፣ ዩኒፎርም ለብሰው ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ጥግ ላይ ደንበኛ የሚጠብቁ ቦዳ ቦዳዎች።

በነገራችን ላይ «ቦዳ ቦዳ» የተባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ራሱ የድንበር ልጅ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ ቡሲያ በምትባል ከተማ፣ ሰውን ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው በብስክሌት የሚያደርሱ ወጣቶች በእንግሊዝኛ «ቦርደር! ቦርደር!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ቃሉ በአፍ በአፍ ተሞርዶ ቦዳ ቦዳ ሆነ። ዛሬ ድንበር አይቶ የማያውቅ የናይሮቢ ልጅም በቦዳ ቦዳ ይሳፈራል።

እና ሾፌሩ ተሳሳተ? አልተሳሳተም። ደንበኛውም ትክክል ነው። ታዲያ ማንያታ ምንድን ነው?

(የሽግግር ዜማ፤ አጭር)

ቃሉ የተወለደው «ማ» በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ነው። ማሳዮች የሚናገሩት ቋንቋ ነው፤ በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ሳምቡሩዎችም የዚያው ቋንቋ ዘመዶች ናቸው። አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማሳዩ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከከብቱ ጋር የሚኖርበትን ግቢ በቋንቋው «እንካንግ» ይለዋል። ዙሪያው በእሾህ የታጠረ፣ መሐሉ ላይ የከብት በረት ያለው፣ የቤተሰብ መኖሪያ ነው። እንካንግ። ማንያታ ሌላ ነው።

ማንያታ የወጣት ጦረኞች ሰፈር ነው። ልጆቹ ተገርዘው ሞራን ሲሆኑ፣ ማለት ወደ ጦረኝነት ዕድሜ ሲገቡ፣ ለእነሱ ተብሎ የሚሠራ መንደር ነው። ቤቶቹን የሚሠሩላቸው እናቶቻቸው ናቸው፤ እናቶቹም አብረው ይሰፍራሉ። በባህሉ ደንብ ዙሪያውን የእሾህ አጥር አይታጠርም። ለምን ይመስላችኋል?

(ፋታ)

አጥሩ እነሱ ናቸዋ! ሕዝቡን የሚጠብቁ ጦረኞች ያሉበትን መንደር እሾህ እንዲጠብቀው ማድረግ ውርደት ነው። መሐሉ ላይም የከብት በረት የለም፤ ወጣቶቹ ገና የራሳቸው ከብት የላቸውም። አጥር የሌለው፣ በረት የሌለው፣ ጉልበትና ወዳጅነት የሞላበት መንደር። በመጨረሻ «ኤውኖቶ» የሚባለው ሥርዓት ይደርሳል፤ ጦረኛው ለዓመታት ያሳደገውን ረጅም ጸጉር እናቱ ትላጭለታለች። ከዚያ በኋላ ማግባት፣ ቤት መሥራት፣ ወደ ሽማግሌነት መንገድ መጀመር ይችላል። ይህ ሥርዓት ከሌሎች ሁለት የማሳይ የወንዶች ሥርዓቶች ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ አንድ የማሳይ ሽማግሌ «ማንያታ» ሲል የሚታየው ጉርምስናው ነው። ኩራቱ፣ ጓደኞቹ፣ የእናቱ ምላጭ። የመጀመሪያው ትርጉም ይህ ነው፤ ያዙልን።

(ዜማ)

ቃል ግን እንደ ከብት ነው፤ የሌላ ሰው በረት ሊገባ ይችላል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ኬንያ ሲገቡ ቃሉን ሰሙት። ወጣት ጦረኞች በአንድ ላይ የሚሰፍሩበት መንደር መኖሩ አላስደሰታቸውም፤ ማንያታዎችን ለማስቀረት ሲታገሉ ኖረዋል። ቃሉን ግን ወደዱት። እንካንጉንም ማንያታ አሉት። ቀጥለው የሳምቡሩውን፣ የሬንዲሌውን፣ የቦረናውን፣ የማንኛውንም አርብቶ አደር መንደር ማንያታ አሉት። በኬንያ እንግሊዝኛና በስዋሂሊም ቃሉ በዚሁ በሰፋው ትርጉሙ ቀረ፦ የገጠር፣ የአርብቶ አደር፣ የባህል ቤት።

በዚህ ላይ ቱሪዝም መጣ። በማሳይ ማራና በሳምቡሩ አካባቢ ቱሪስት መግቢያ ከፍሎ የሚጎበኘው መንደር «የባህል ማንያታ» ይባላል። እንግዳው ዝላዩን ያያል፣ ጨሌ ይገዛል፣ ፎቶ ያነሣል። ለዚያ እንግዳ ማንያታ ማለት ጎጆ ነው። እናቶች አጥር ሳያጥሩ ለጦረኛ ልጆቻቸው የሠሩት መንደር መሆኑን ማን ይንገረው?

ቃሉ ወደ ምዕራብም ሄደ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ኪሱሙ የሉኦ ሕዝብ ከተማ ናት፤ አሣ አጥማጅና ነጋዴ ይበዛባታል። እዚያ ማንያታ የሚባለው ትልቅ ሰፈር የኪራይ ቤቶች እርስ በርስ የተጠጋጉበት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚኖርበት ነው። ከስፋቱ የተነሣ «ማንያታ ኤ» እና «ማንያታ ቢ» ተብሎ ይከፈላል። ኪሱሙ ውስጥ «የማንያታ ልጅ ነኝ» ያለ ወጣት ጦርና ጋሻ አያስብም። የሰፈሩን የእግር ኳስ ሜዳ፣ የወሩን ኪራይ፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ያስባል። ወደ ኬንያ ተራራ ግርጌ ብንሄድ ደግሞ በኤምቡ ካውንቲ ማንያታ የምርጫ ክልል ስም ነው። ቡናና ሻይ የሚያለማ ገበሬ ድምፁን የሚሰጠው በማንያታ ነው።

አንድ ቃል። እስካሁን ስንት ሆነ? የጦረኛ ሰፈር፤ የአርብቶ አደር ጎጆ፤ የቱሪስት መጎብኛ፤ የከተማ ጭርንቁስ፤ የምርጫ ክልል። ገና አልጨረስንም። እንዲያውም ከባዱ አሁን ነው የሚመጣው።

(ዜማው ይቀዘቅዛል፤ ረዘም ያለ ፋታ)

አድማጮች፣ አሁን አንድ የራሳችንን ቃል እንጥራ። «ሽፍታ»።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ይሰማዋል? መልሱ አንድ አይደለም። መንገድ ቆርጦ የሚዘርፍ ወንበዴ ሽፍታ ነው። በደል ደርሶበት፣ ፍትሕ አጥቶ፣ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ ሰውም ሽፍታ ነው። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሸፍተው ነበር፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጣሊያኖች አርበኛውን «ሽፍታ» ይሉት ነበር፤ አገሬው ግን አርበኛ አለው። «ልቡ ሸፈተ» ስንል ደግሞ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ምኞት ነው የምናወራው። ሐኪም ዘንድ ስንሄድም ቆዳ ላይ የወጣችው ያቺ የምታሳክክ ነገር ሽፍታ ነች። በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ቃሉ ይህን ያህል ይዘዋወራል።

ይህ ቃል ድንበር ተሻገረ። ኬንያ ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነበር። በዚያው ወር በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል የሚፈልጉ ታጣቂዎች መዋጋት ጀምረው ነበር። የኬንያ መንግሥት ታጣቂዎቹን በምን ስም ጠራቸው መሰላችሁ? በአማርኛው ቃል። «ሽፍታ» አላቸው። እስከ 1967 የዘለቀው ጦርነት በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም «የሽፍታ ጦርነት» ነው የሚባለው። የናይሮቢ ተማሪ ቃሉን ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ለፈተና ያጠናዋል።

ቃሉ ሲሻገር ግን ክብሩን ኬላው ላይ ጥሎ ነው የገባው። ካሳ ኃይሉ አልተከተሉትም፤ ወንበዴነቱ ብቻ ነው የተሻገረው። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ቃሉ ከታጣቂው አልፎ የሰሜኑን ሕዝብ በሙሉ መሸፈን ጀመረ፤ ሶማሌውን፣ ቦረናውን፣ ጋብራውን፣ ሬንዲሌውን። ከእነዚህ ሕዝቦች ብዙዎቹ ከታጣቂዎቹ ጋር አልነበሩም። ለምሳሌ ያህል የኢሲዮሎ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአውራጃ አስተዳዳሪ የነበሩት ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራ የተገደሉት በእነዚሁ ታጣቂዎች እጅ ነው፤ ጊዜው የነፃነቱ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1963 ነበር። ናይሮቢ መሐል ከተማ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ጎዳና አለ። ወገኖቻቸው ግን ለዓመታት «ሽፍታ» ከሚለው ቃል አላመለጡም።

(ፋታ)

እና ማንያታስ? አሁን ሁለቱ ቃላት ይገናኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የኬንያ መንግሥት አርብቶ አደሩን ከታጣቂው ለመለየት ብሎ ሕዝቡን በግድ በአንድ ቦታ ማስፈር ጀመረ። ቤተሰቦች ከግጦሽ መሬታቸው ተነሥተው በፖሊስና በጦር ሠራዊት ጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች ታጎሩ። መውጫና መግቢያው በሰዓት ተወሰነ። ለእነዚህም መንደሮች የተሰጣቸው ስም ምን ነበር?

ማንያታ።

አጥር የሌለው የጦረኞች መንደር ስም፣ አጥር ለገባበት ሕዝብ ተሰጠ። ከብትና ግመል ሣርና ውኃ ተከትለው ካልተንቀሳቀሱ በዚያ አገር አይኖሩም፤ በአንድ ቦታ ታጭቀው በገፍ አለቁ። ጦርነቱ በጥቅምት 1967 በአሩሻ ስምምነት ካበቃ በኋላ የሚመለሱበት መንጋ ያልቀረላቸው ብዙ ቤተሰቦች በከተሞቹ ዳር ቀሩ። በሰሜኑ ላይ የተጣሉት ልዩ የአስቸኳይ ጊዜ ሕጎች ሙሉ በሙሉ የተሻሩት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በኢሲዮሎ አካባቢ ያሉ ቦረናዎች ያንን ጊዜ «ጋፍ ዳባ» ይሉታል። ሁሉ ነገር የቆመበት ዘመን ማለት ነው። ከብቱ ቆመ፣ ጉዞው ቆመ፣ ሠርጉ ቆመ።

ዛሬ በሰሜን ኬንያ ከተሞች ማንያታ የሚለው ቃል በየሰፈሩ ስም ላይ ይገኛል። ኢሲዮሎ ውስጥ ማንያታ ዜብራና ማንያታ ዴሞ አሉ፤ ማርሳቢት ውስጥ ማንያታ ጂሎ አለ። ሞያሌም የራሷ ማንያታ አላት። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ሁሉም ከዚያ ዘመን ወጣ ማለት አይደለም። ነገር ግን በእነዚህ ከተሞች የሚኖር የሰባ ዓመት አዛውንት ፊት «ማንያታ» የሚለውን ቃል ሲያነሡ ረጋ ማለት ይገባል። ለአንዱ የልጅነት ሰፈሩ ነው። ለሌላው የአባቱ ግመሎች ያለቁበት ቦታ ነው። ጥያቄዋን እንድገማት፦ የማን ማንያታ?

(ዜማ፤ ቀስ ብሎ ሞቅ ይላል)

አሁን አዲስ አበባ ያለው አድማጭ «ይሄ የኬንያ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ብሎ ይሆናል። እስቲ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። «የሰፈሬ ልጅ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? የአንድ አካባቢ ሰው፣ አብሮ አደግ፣ ወገን። «ሰፈር» ሞቅ ያለ ቃል ነው፤ ውስጡ እድር አለ፣ የቡና ጎረቤት አለ፣ የጨርቅ ኳስ አለ።

ይሁንና ሰፈር መጀመሪያ የጦር ሠራዊት ማረፊያ ነበር። ጦሩ ሲዘምት «እገሌ ቦታ ሰፈረ» ይባላል። ድንኳን ይተከላል፣ እሳት ይነዳል፣ እያንዳንዱ መኳንንት ከጭፍራው ጋር የተወሰነለት ቦታ ላይ ያርፋል። «ከተማ» የሚለው ቃልም የዚያው ወንድም ነው፤ የዛሬን አያድርገውና ከተማ ማለት ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር የሚያርፉበት ሰፈር ነበር፤ ንጉሡ ሲነሡ ከተማውም ይነሣል። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ያደገችውም በዚሁ መንገድ ነው። በግቢው ዙሪያ ለመኳንንቱ ቦታ ተመራ፤ ጭፍራቸው በዙሪያቸው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚለው ስም የዚያ ቅሪት ነው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ባለሙያዎቹ የሰፈሩበት። ጦሩ ሄደ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ስሙ ቀረ፤ ልጆች ተወለዱበት።

ልብ አላችሁ? የማሳዩ ማንያታ ከጦረኛ ሰፈርነት ተነሥቶ ኪሱሙ ውስጥ የከተማ ሰፈር ሆነ። የአማርኛው ሰፈርም ከጦር ሰፈርነት ተነሥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ያው ሆነ። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ዓይነት መንገድ ሄዱ።

መራራውንም መንገድ አብረው ሄደዋል። «ሰፈረ» ከሚለው ግስ «ሰፈራ» ይወጣል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ኢሉባቦር አጓጉዟል። ብዙዎች የሄዱት ሳይወዱ ነው፤ ከቤተሰባቸው የተለያዩም፣ በወባ የሞቱም አሉ። ያንን ያየ ሰው ፊት «ሰፈር» እና «ሰፈራ» የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑም ጣዕማቸው አንድ አይደለም። ሰፈር ማር ነው፤ ሰፈራ እሬት ነው። የኢሲዮሎው አዛውንት ማንያታን ሲሰሙ የሚሰማቸውን አንድ የወሎ ሰፋሪ ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል።

ግሱ ሌላም ሥራ አለው። ንብ ቀፎ ላይ ሰፈረ እንላለን። ዛር ሰፈረበት እንላለን። እናቶቻችን ጤፉን በቁና ሰፈሩ እንላለን። አማርኛ እንዲህ ያለ ሀብታም ነው።

አሁን ይህንኑ ድምፅ ይዘን ኬላውን እንሻገር። በስዋሂሊ «ሳፋሪ» ምንድን ነው? ጉዞ ነው። ስዋሂሊ ቃሉን የወሰደው ከዐረብኛው «ሰፈር» ነው፤ በዐረብኛ ሰፈር ማለት መንገድ መሄድ ነው። አያችሁልኝ? ዐረቡ ሰፈር ሲል ተነሥቶ ይሄዳል። አማራው ሰፈር ሲል ጓዙን አውርዶ ይቀመጣል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው የኬንያው ስልክ ድርጅት ሳፋሪኮም የሚለው ስም ውስጥም ያለው ይኸው ጉዞ ነው። ሰፈራችን ሱቅ ላይ የሳፋሪ ካርድ የሚገዛ ልጅ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ይዞ ቆሟል።

(የገበያ ድምፅ፤ ሰዎች ሲነጋገሩ)

ወደ ሞያሌ እንመለስ። ሞያሌ ቋንቋ የሚታፈስባት ከተማ ናት፤ ቦረንኛው፣ ሶማሊኛው፣ ቡርጂኛው፣ አማርኛው፣ ስዋሂሊው፣ እንግሊዝኛው በአንድ ገበያ ይውላሉ። አንድ ልጅ ቁርሱን በአንዱ ቋንቋ በልቶ፣ በሌላው ተምሮ፣ በሦስተኛው ኳስ ይጫወታል። ለዚያ ልጅ የቃላት መንታነት የዕለት እንጀራው ነው።

ለምሳሌ የቦረና ቤተሰቦች በአንድ ላይ የሚሰፍሩበትን መንደር በቋንቋቸው «ኦላ» ይሉታል። ኦላ የሚጠራው በአባ ኦላው፣ በመንደሩ አባት ስም ነው። ያው ሰው ግን ከተማ ሲገባ «ማንያታ እኖራለሁ» ይላል። ኦላ የዘመድ ነው፤ ማንያታ የከተማ ነው። ሰውዬው በሁለት ቃል ሁለት ኑሮ ይናገራል።

አሁን አንድ ፈተና እንስጣችሁ። ከኬንያ በኩል አንዲት ሻጭ ሴት ዋጋ ተጠይቃ «ሳባ» ትላለች። አማርኛ ተናጋሪው ስንት ይሰማዋል?

(ፋታ)

ሰባ! ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። ሴትዮዋ ግን የጠራችው 7 ነው። በስዋሂሊ ሳባ 7 ነው፤ ሰባ ለማለት «ሳቢኒ» ይባላል። በአማርኛ ደግሞ 7 ሰባት ነው። ስዋሂሊው ቁጥሩን ከዐረብኛ ተውሶታል፤ ዐረብኛና አማርኛ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ቃሉ ከሩቅ ዞሮ የዘመዱን ደጅ ሲያንኳኳ ዜሮ ተጨመረበት። ድንበር ላይ የምትገበያዩ፣ አንዴ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ጣትም ይቆጠር።

«አፍ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱ። ለአማራው አፍ የሚበላበትና የሚናገርበት ነው። ለኦሮሞው «አፋን» አፍም ነው፣ ቋንቋም ነው። ለሶማሌውም «አፍ» እንዲሁ ሁለቱንም ነው። ሦስቱ ሕዝቦች በአንድ አፍ ይናገራሉ ቢባል ውሸት አይሆንም። ኦሮሞ «ማታ» ሲል ግን ጠንቀቅ በሉ፤ በአማርኛ ማታ ምሽት ነው፤ በኦሮምኛ ግን ራስ ነው፣ ጭንቅላት። «ማታ አመመኝ» ያለው ሰው መቼ እንዳመመው ሳይሆን የት እንዳመመው ነው የነገራችሁ።

ሁሉም ቃል ግን አያጣላም። የሚያስታርቅም አለ። ከናይሮቢ የመጣ ነጋዴ በእንግሊዝኛ «ጠዋት በስምንት ሰዓት እንገናኝ» ቢል፣ የእኛ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ያው ነጋዴ በስዋሂሊ ቢናገር ግን «ሳአ ምቢሊ» ይላል፤ ቃል በቃል ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ሰዓት! ልክ እንደኛ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። ሁለቱም አገሮች ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣበት ሰዓት ብዙም አይዛነፍም፤ ስለዚህ ቀኑን ከእሷ ጋር መጀመር የሚያዋጣ ነው። «ሳአ»ም «ሰዓት»ም ከአንድ የሴም ቤት የወጡ ቃላት ናቸው። ሞያሌ ላይ ቀጠሮ የሚፋለሰው ሁለቱ ጎረቤታሞች የሦስተኛ ሰው ቋንቋ ሲናገሩ ነው። በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትርና የኬንያው ፕሬዚዳንት የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱን አገር ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር አስቀምጧል። የእነሱን የቀጠሮ ወሬ ቁጭ ብሎ የሰማ ብዙ ይማራል።

(ዜማው ይጀምራል፤ ከንግግሩ ሥር)

አድማጮች፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለን። የእናንተ ሰፈር ስም ማን አወጣው? ጦር ሰፍሮበት ነው? ገበያ ቆሞበት? የመጀመሪያዋ ጠላ ጠማቂ ስም ነው? ወይስ ማንም አያውቀውም? የሰፈሩን ትልቅ ሰው ጠይቁና ጻፉልን። ሞያሌ ያላችሁ፣ በተለይ ማንያታ ያላችሁ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ቃሉ ለእነሱ ምን እንደሆነ ከአፋቸው መስማት እንፈልጋለን። በቦረንኛም፣ በሶማሊኛም፣ በቡርጂኛም ጻፉ፤ የሚያነብልን አናጣም።

ሳምንት በዚሁ ዕለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ከኬላው ማዶ ላላችሁ ደግሞ፦ ሳአ ምቢሊ ኡሲኩ።

(ዜማው ከፍ ብሎ ያበቃል)